ስለ አንድ ሳፋ የዓሣ ዘይትና ስለ ተቆለፈው አዳራሽ

ለተከበሩ የልብ ጤና ክትትል ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከፍ ያለ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎም እንደ ወትሮው ሸንቃጣ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ።

እኔ በፕሮግራምዎ ከታቀፉት አርባ ወፍራም ሴቶች አንዷ ነኝ። በመዝገብዎ ተራ ቁጥሬ አሥራ ሰባት፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት፣ ክብደቴ ዘጠና ስድስት ኪሎ ነው። ይህ የመጨረሻው አኃዝ ጫማዬንና ጉትቻዬን አውልቄ፣ ትንፋሼንም ውጬ የተገኘ ስለሆነ ይግባኝ የለውም። ሥራዬ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የሌሎችን ስሕተት መልቀም ሲሆን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በትጋት ተቀምጫለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከሁለት ሳምንት በፊት በስፖርት አዳራሹ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። «በተሳታፊዎች የሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ፕሮግራሙ ተቋርጧል» ይላል፤ ከሥሩም ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጉድለቱ የማን እንደሆነ ስላልተገለጸ፣ ዝርዝሩን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. መጀመሪያ ስለ ሰጡን ባለ ስድስት ገጽ የስምምነት ቅጽ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ የፊደል ግድፈት አርሜ፣ ሁለት አራት ነጥብ ጨምሬ፣ ፈርሜ መልሻለሁ። በገጽ አራት ላይ፣ ከመካከላችን ግማሾቹ በየቀኑ አንድ እንክብል የዓሣ ዘይት፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ ብቻ የሚመሳሰል ተራ ዘይት እንደሚውጡ፣ የትኛዋ ምን እንደምትውጥ እንደማይነገርና ማንም እንክብሏን ለሌላ መስጠት እንደሌለባት በግልጽ ተጽፏል። አንቀጹን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ አንድም ግድፈት አልነበረበትም። ምን እንደሚል ማሰብ ግን የሌላ ክፍል ሥራ መስሎኝ አለፍኩት።

፪. በሳምንት ሦስት ቀን ስላሠሩን ኤሮቢክስም ምስጋናዬ የላቀ ነው። አሠልጣኛችን ክብደቷ ከእጅ ቦርሳዬ የማይበልጥ ቀጭን ልጅ ስትሆን፣ በመጀመሪያው ቀን «ሰውነታችንን እናሟሙቅ» ባለችን በአራተኛው ደቂቃ እኔ ተሟሙቄ፣ በስዬ፣ ልወጣ ደርሼ ነበር። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር መስታወት ማድረግዎም ታላቅ ውለታ ነው። የቤቴ መስታወት በክፍል በክፍል ብቻ ስለሚያሳየኝ፣ ራሴን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አርባችን እኩል ስንዘል፣ ከበታቻችን ባለው ፎቅ ያሉት የመዝገብ ክፍል ሠራተኞች ወንበራቸውን ከጣሪያው መብራት አሽሽተው ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

፫. አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በዝላዩ መካከል አንዳንዶቻችን ማግሳት ጀመርን፤ ግሳቱም ዓሣ ዓሣ ይላል። እናንተ በቁጥርና በማኅተም የደበቃችሁትን ምሥጢር የእኛ ጨጓራ በአንድ ሳምንት አወጣው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የሚያገሱና የማያገሱ ተብለን ለሁለት ተከፈልን። ከማያገሱት አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቷም ታላቅ እኅቷም የሞቱት በልብ ነው። አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን ጫማ በእጇ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ ማንንም ሳታይ «የኔ ልብ ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

እኔ በዕድሜ ታላቅ ነኝና፣ ሁላችንም ረቡዕ ብልቃጦቻችንን ይዘን እንድንመጣ አዘዝኩ። ከቤቴ ሰማያዊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣሁ፤ የአርባችንን እንክብል ገለበጥንበት፤ እጄን በሚገባ ታጥቤ እስከ ክርኔ አስገብቼ አማሰልኩት፤ ከዚያም እየቆጠርን እኩል ተካፈልን። አዲስ ብልቃጥ በተሰጠን ቁጥርም ሳፋው ይመጣ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በምድር ላይ ፍትሕን ያሰፈንኩ መስሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁለቱ ቡድኖች እንደ መንትያ ተመሳሰሉ። ባለሙያዎችዎ ሁለት ቀን ግራ ሲጋቡ ሰንብተው፣ እንክብሉን የምታድለን ሲስተር እኔን ብትጠይቀኝ፣ የሳፋውን ታሪክ ከነቀለሙ በኩራት ተረክኩላት። ሲስተር ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ገጽ አራት ምን ማለት እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። የዓሣው ዘይት ልብ ይጠቅም እንደሆነ፣ ከኛ በኋላ የሚመጡ ሴቶች ከኛ ሊያውቁ ይችሉ የነበረውን እኔ አማስዬ አጠፋሁባቸው። በዚህ አልቀልድም፤ አፍሬያለሁ።

፬. ሆኖም፣ ክቡር ሆይ፣ ያማሰልነው እንክብሉን ነው። ዝላያችንን ሳፋ ውስጥ አልቀላቀልነውም፤ እያንዳንዷ የራሷን ዘላለች። እርግጥ ነው፣ የቀነስኩት ስምንት መቶ ግራም ብቻ ነው፤ እሱም ፀጉሬን በመቆረጤ ሊሆን ይችላል። የልብ ምቴ ግን በእረፍት ጊዜ ዘጠና አንድ የነበረው ሰባ አራት ሆኗል፤ የልብስ ሰፊዋ የደም ግፊትም ወርዷል፤ ሁለቱም በራስዎ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። አዳራሹ ከተቆለፈ ወዲህ መንገድ ላይ ልንሮጥ ሞክረን ነበር። የታክሲ ረዳቱ «እናቶች፣ ቀስ በሉ፣ አናመልጣችሁም» ብሎ መኪናውን አስቆመልን፤ እሱን ላለማሳፈር ገባን። ልብስ ሰፊዋ ግን ዛሬም በየረቡዑ የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ ትመጣለች፤ ቁልፉን አይታ ትመለሳለች።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን ሰርዘው አዳራሹን ለሠላሳ ዘጠኙ ይክፈቱላቸው። በዚህ ጉዳይ የሙያ ምክር እንድሰጥዎ ከተፈቀደልኝ፣ አንድ ቃል ተሳሳተ ተብሎ ገጹ አይቀደድም።

የክፍልዎን ሥነ ሥርዓት፣ የቁልፍዎን ጥንካሬና የማስታወቂያዎን የእጅ ጽሑፍ ውበት እያደነቅኩ፣ በክብደቴ ልክ በሆነ ከባድ አክብሮት ተሰናባችዎ ነኝ።

ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት (እስክሰረዝ ድረስ)

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት በእጅዎ ላደርስዎ ብዬ ሐሙስ ጠዋት ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ሊፍቱ ስለተበላሸ እስከ አምስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ መቶ አራት ደረጃ ነው፤ አንድም ቦታ አላረፍኩም። ጸሐፊዎ ወንበር ስባ ከተቀበለችኝ በኋላ፣ ክቡር ኃላፊው ሊፍቱ እስኪጠገን ድረስ ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት ምድር ቤት መሆኑን በትሕትና ገልጻልኛለች።