ስላልበላሁት እራት እና ስለታገደችው አስተናጋጅ

ለክቡር የአየር መንገዱ የመንገደኞች ቅሬታ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ በልተው ጠግበው ሳሉ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ባለፈው ወር በቢዝነስ ክፍልዎ፣ በሦስተኛው ረድፍ የመስኮት ወንበር ተቀምጬ፣ እራት ሳይቀርብልኝ ጾሜን ወረድኩ ብዬ የከሰስኩት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ። ክሴን ለማንሳት ሦስት ጊዜ ለብቻዎ ጽፌ፣ ሦስቱንም ጊዜ «አስተያየትዎ ደርሶናል» ከሚል በቀር መልስ ስላጣሁ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ካቻምና በሌላ ጉዞ የጠፋ ሻንጣዬን ለማግኘት አምስት ወር የፈጀበት መሥሪያ ቤትዎ፣ አስተናጋጇን ከሥራ ለማገድ ሦስት ቀን በቃው። ሻንጣዬም ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገላታሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ እምነትዎ። አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ቃሌን አመኑልኝ፤ ባለቤቴ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ይህን ያህል አምናኝ አታውቅም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እርስዎ ግን የቅሬታ ቅጽ አዋሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬቱን የገዛችልኝ ልጄ ናት፤ አባቴ በዕድሜው አንድ ቀን ከፊት ይቀመጥ ብላ። እኔም ከመነሳቴ በፊት ለሠፈሩ ሁሉ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎልኝ የበግ ጥብስ ልበላ መሆኔን አውርቼ ጨርሼ ነበር። ወንበሬ ላይ ሁለት ተለጣፊ ወረቀቶች ጠበቁኝ፤ አንዱ «ለምግብ ቀስቅሱኝ»፣ ሌላው «አትቀስቅሱኝ» የሚሉ። መነጽሬ ሻንጣ ውስጥ ስለነበር፣ መነሳቱ ታክቶኝ፣ በግምት አንዱን ትከሻዬ ላይ ለጠፍኩና እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ሳህኑ ተነስቷል፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው፣ ከጎኔ ያለው ሰውዬ ጥርሱን ይጎረጉራል። ደሜ ፈላ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «ይቅርታ አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝና ዳቦና አይብ ከትኩስ ሻይ ጋር አቀረበችልኝ። ትከሻዬ ላይ ስላለው ወረቀት ትንፍሽ አላለችም። ዳቦውን ገፍቼ መለስኩባት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥልጠናዎ። ሠራተኛዎ ከመንገደኛ ጋር እንዳትከራከር፣ ባላጠፋችውም ይቅርታ እንድትጠይቅ ማስተማርዎ እጅግ ያስመሰግናል። ያንኑ ይቅርታዋን ከቅጼ ላይ ወስደው፣ በላኩልኝ መልስ «ጥፋቷን አምናለች» ብለው መጻፍዎ ደግሞ አንድን ቃል ሁለት ጊዜ መጠቀም ስለሆነ፣ ቁጠባዎን አደንቃለሁ።

አራተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው፤ ራስን መክሰሻ ቅጽ ስለሌለዎት እዚሁ ላስገባው። የዚያኑ ዕለት ልጄ ቤት ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ ትከሻው ላይ «አትቀስቅሱኝ» የሚለውን ተለጣፊ አየሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ከሰው ኮት ላይ ክር ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ አላየሁም ብል ማን ያምነኛል? ልጄም ፊቷ እየበራ «አባዬ፣ ምን በላህ? ጥብሱስ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ስጦታሽን ተኝቼበት መጣሁ ለማለት አፈርኩ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ አልሰጡኝም አልኳት። በማግስቱ እኔ እየነገርኳት፣ እሷ በንዴት እየጻፈች ቅጹን ሞላነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ልመልሰው ብል አልተመለሰልኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።

ስለዚህ ለካሳ የላኩልኝን ነጻ ትኬት ከዚህ ጋር መልሼ፣ አስተናጋጇ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ እለምንዎታለሁ።

ለመንገደኛ ክብር ሲሉ ለማንም ለማይራሩት ለክቡርነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ውሸታሙ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። የአስተናጋጇን ስም ጠየቀችኝ። አላውቀውም። ቅጹ ላይ «ረጅሟ» ብዬ ነበር ያስጻፍኩት፤ እርስዎም ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። አሁን ተረጋግቼ ሳስበው፣ ረጃጅሞቹ ሁለት ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ ያገዱት የትኛዋን ነው?