ሰሌኑ ያልተነሳበት ቦታ

ሰኞ፣ ጁን 2

ከዋና ከተማው ከታራዋ በጀልባ ወደ መንደሬ ገባሁ። ባሕሩ ስላስቸገረ ድሮኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት። እኔ ርሻለሁ፣ እሱ ደረቅ ነው።

ሥራው ግልጽ ነው። ባሕሩ የመንደራችንን ማኔያባ ሊበላው ደርሷል። መሰብሰቢያ ቤታችን ፈርሶ ወደ ደሴቱ ውስጥ ገባ ብሎ እንደገና ሊሠራ ነው። ፕላን የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ እኔ ከፎቶ የኮምፒውተር ሞዴል ልሠራለት፣ አናጺዎቹ ከሞዴሉ ልኩን ሊወስዱ።

ችግሩ እንጨት አጥሯል። አዲሱ ቤት ማጠሩ አይቀርም። ታዲያ የማን ቦታ ይቅር? እያንዳንዱ ቤተሰብ በሁለት ምሰሶ መካከል ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው፣ ሰሌኑን የሚያነጥፍበት መቀመጫ አለው። ሰዉ በሆዱ የያዘው መልስ ግን አንድ ነው፤ የአሮጊቷ የኔይ ካቡታ ቦታ ይቅር። ከዘራቸው የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸዋ።

እኔን አይመለከተኝም። የመጣሁት ለመለካት ነው።

ዘዴ ልምረጥ... በድሮን ብቻ? ፈጣን ነው፣ ግን ከላይ የሚያየው ጣሪያ ብቻ ነው። በእጅ ካሜራ ብቻ? ጣሪያው ይቀራል። ሁለቱንም ላንሳና ኮምፒውተር ላይ ላጋጥማቸው። ውስጡ ግን ባዶ ይሁን። የሚነሳ ነገር ሁሉ ይነሳ። የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ጠዋት ድሮኑ ጣሪያውን ጨረሰ። ነፋስ አልነበረም። ጥሩ።

ከሰዓት ወደ ውስጥ። ሰሌኖቹ ይነሱ አልኩ፣ ተነሱ። ኔይ ካቡታ ግን ሰሌናቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ናቸው። የመንደሩ ሽማግሌ አጎቴ ቴባኖ ሄደው ለመኑ። እምቢ። እኔም ሄድኩ።

«ለትንሽ ሰዓት ነው ኔይ ካቡታ። እኔው መልሼ አነጥፈዋለሁ።»

«የሌላው ሰሌን ቢነሳ ቦታው ቦታ ነው። የኔ ከተነሳ ወለል ነው።»

ጎረቤታቸው ዮቴብዋ ከወዲያ ሆኖ፣ ተያቸው፣ ከሰሌኑ ጋር ተጣብቀዋል እያለ ይስቃል። የሳቸው ቦታ ከቀረ የሱ እንደማይነካ ያውቃል።

ተናደድኩ። በሁለቱም። እሳቸው እንዲቆሙልኝ ብቻ ለመንኩ። ተነሱ፤ ሰሌኑ ቀረ። ንጹሕ ወለል መሃል አንዲት ሰሌን... እንደ እድፍ ታየችኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ጄነሬተሩ ሲያጉረመርም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሲያጋጥም ዋለ። ጣሪያው አምሮ ወጣ። ውስጡ ግን ጉድ ነው። ምሰሶዎቹ ሁሉ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የምሥራቁን ምሰሶ የምዕራቡ ነው ብሎ ቤቱን እንደ ወረቀት አጥፎታል።

ሳይጣመም የቀረ አንድ ቦታ ብቻ አለ። ደጋግሜ አየሁት። የኔይ ካቡታ ጥግ ነው።

ለካ ሰሌኑ ነው። በጌጡ ላይ ፕሮግራሙ ከፎቶ ወደ ፎቶ ለይቶ የሚይዘው ምልክት አገኘ። የሌላውን መያዣ ሁሉ ያስነሳሁት እኔው ነኝ። ምን ዓይነት ቂል ነኝ? በየቤቱ የተሠራ ሰሌን፣ የአንዱ ጌጥ ከሌላው የማይመሳሰል... ልጅ ሆኜ የኛን ቦታ የማገኘው በሰሌኑ አልነበረም?

ሐሙስ፣ ጁን 5

አጎቴ በማለዳ አስለፈፉልኝ። ሰሌኖቹ ይመለሱ። «ከትናንት ወዲያ አንሱ፣ ዛሬ አንጥፉ... ታራዋ ያስተማሩሽ ይሄን ነው?» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው።

ከዚያ ሌላ ጣጣ። ፎቶ ነው ከተባለ ማን ዝም ይላል? ሰዉ ዘይት ተቀብቶ፣ የአበባ ጉንጉን ደፍቶ መጣ። ምሰሶዎቹን በቅጠል አስጌጧቸው። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ደግሞ ለኔ ሥራ መርዝ ነው። ሰውም ያው ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ሞዴሉ ላይ ጭጋግ ይሆናል። ውጡ ለማለት አፈርኩ። መጀመሪያ አሰልፌ እንደ ወጉ ፎቶ አነሳኋቸው። ቀጥሎ፣ አሁን ቅጠላችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ አልኩ። እየሳቁ ወጡ።

ሰማዩ ደመና ነው፣ ጥላ የለም። ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ ውስጥና ውጭን የሚያገናኘው ዝቅ ያለው የጣሪያው ጠርዝ ነው። በየምሰሶው ጎንበስ እያልኩ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እያነሳሁ ገባሁ። እያንዳንዱ ፎቶ የፊተኛውን ከግማሽ በላይ እንዲደግም። የምሰሶዎቹን ርቀት ደግሞ በሜትር ለካሁ፣ ሞዴሉ ትክክለኛ ልኩን እንዲይዝ። ወገቤ ተቆረጠ።

ዓርብ፣ ጁን 6

ገጠመ። ጣሪያው፣ ምሰሶው፣ ሰሌኑ... ሁሉም። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ጁን 9

ስብሰባ። ኮምፒውተሩን መሃል አስቀመጥኩ። አናጺው እንጨቱን አስልቶ፣ ያው እንደፈራነው አንድ ቦታ ይጎድላል አለ። መጀመሪያ ደፍሮ የተናገረው ዮቴብዋ ነው። ማንንም ላለማስቀየም፣ ሰው የሌለበት ቦታ ይቅር አለ።

ለየቦታው የሚናገረው የቤተሰቡ ሽማግሌ ነው። ኔይ ካቡታ የሚናገርላቸው የላቸውም፤ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ከኋላ ተቀምጠዋል። አጎቴ መሬት መሬት አዩ። እኔም። አይመለከተኝም ብያለሁ አይደል?

አልቻልኩም። ሞዴሉን ወደ እሳቸው ቦታ አዞርኩት። ይኸው ሰሌናቸው አልኩ።

«ሰሌን አየሁ» አለ ዮቴብዋ። «ሰው ግን አላየሁም።»

ኔይ ካቡታ ከኋላ ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሱ። ዓይናቸውን አጥብበው ዞር ዞር እያደረጉ አዩ።

«እኔም አንተን አጣሁህ ዮቴብዋ። የታለህ?»

ማንም የለም እዚያ ውስጥ። ሁሉንም ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። በመጨረሻ ዮቴብዋም። ሳቁ ሲበርድ አጎቴ፣ ከሁሉም ቦታ እኩል ቢቀነስ ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። እዚያው ለካሁ። ስንዝር እንኳ አይሞላም። ተስማሙ።

ደስ አለኝ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

አዲሱ ቤት ተመረቀ። ጠበብ ብሏል፤ ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። ዮቴብዋ እያጉረመረመ ሩዙንና ዓሣውን ይበላል። የሰሜኑ መንደርም የራሱን መሰብሰቢያ ቤት ፎቶ እንዳነሳለት ጠርቶኛል። ከወለሉ ምንም ነገር እንዳታነሱ ብዬ ልኬባቸዋለሁ።

ኔይ ካቡታ አሁን ከኋላ አይደሉም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ነው የሚቀመጡት፤ ለቦታቸው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዛሬም ሁለት ጊዜ ተናገሩ፣ ሁለተኛው ረዘም ብሎ ነበር።

እኔ ምሰሶ ተደግፌ ከአናጺው ጋር ወሬ ይዣለሁ። ኔይ ካቡታ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«ፈቀቅ በይ ልጄ። ቦታዬ ውስጥ ገብተሻል።»

ፈቀቅ አልኩ።