የአባታችን ቤትና የበዳዳ ምንጭ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለወይዘሮ አስካለች ገብረማርያም፤ ጊምቢ።

እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንደምን ወጣላችሁ? የአቶ ዲንሳ የጉልበት ሕመም ተሻላቸው? ልጅሽ ፀዳለስ ትምህርት ጀመረች? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን ዛሬ እውነት አይሆንም፤ ልቤ ከተጨነቀ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

በመስከረም የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። የአባታችንን ቤት አሁን እንሽጠው፣ ዋጋው ሳይመለስ ድርሻዬን ልቀበልና የእህል ወፍጮ ላስተክልበት ማለትሽን በሚገባ አስቤበታለሁ። ስለ ገበያው የሰማሽው ሐሰት አይደለም። አባታችን ባረፉበት ዓመት ለዚሁ ቤትና ግቢ ስድስት ሺህ ብር የሚሰጥ ጠፍቶ ነበር። አምና አሥራ አንድ ሺህ ደረሰ። ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ከተጠረገና በግንቦት የአፍሪካ መሪዎች በከተማችን ከተሰበሰቡ ወዲህ፣ ለውጭ አገር ሰዎች የሚከራይ ቤት ለመሥራት ቦታ የሚያፈላልገው በዝቷል። ዛሬ አቶ ገበየሁ የተባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሃያ ሺህ ብር አቅርበዋል። ደላላው ሀሚድማ በየማለዳው ደጄ ላይ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ የየካ መሬት እንደ ሾላ ገበያ በርበሬ ሆኗል፤ ዋጋ ጠይቀው ዞር ሲሉ ጨምሮ ይጠብቅዎታል» ይለኛል። የሚጨምር ከሆነ ታዲያ ለምን አሁን እሸጣለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ «መውረድም ያውቅበታል እኮ፣ ጌታዬ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ይውጣ ይውረድ እኔም አላውቅም። ከዋጋው ይልቅ ያስጨነቀኝ ምንጩ ነው።

ከጓሮአችን፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለችውን ምንጭ ታስታውሻለሽ፤ እንስራ የሰበርሽባት ናት። ያ ቦታ የጎረቤታችን የበዳዳ ነው። ከብት እንዳያደፈርሳት ብለው አባታችን በእኛ አጥር ውስጥ እንዲያስገቧት የበዳዳ አባት ፈቀዱላቸው፤ ሁለቱም ቤት ከእርሷ እየቀዳ ኖረ። በኋላ ቀያሽ መጥቶ አጥሩን ተከትሎ ሲለካ ምንጯ በእኛ ካርታ ውስጥ ገባች። አባታችን ካርታውን ሲያስረክቡኝ፣ «አጥሩ የእኛ ነው፣ ውሃው ግን የእነ በዳዳ ነውና ይህን አስተካክል» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ በዳኝነት ወንበር ተቀምጬ ለሰው ቀጠሮ ስሰጥ የኖርኩ ሰው፣ ለዚህ ጉዳይ ለራሴ የዘጠኝ ዓመት ቀጠሮ ሰጠሁ።

አቶ ገበየሁ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጡት ለውሃው ነው። ቧንቧ በእኛ በኩል ገና አልደረሰም። ምንጯ ከወጣች ከአሥራ ሦስት ሺህ አያልፉም።

ያለፈው ቅዳሜ ወሰን ልናሳያቸው ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር ወጣን። በእኛ ሰፈር ልማድ ሻጩ በየማዕዘኑ ቆሞ «ወሰኔ ተነካ የሚል አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለበት። ምንጯ ዘንድ ስንደርስ፣ ልቤ እያወቀ ጠየቅሁ። በዳዳ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ አሁንም ዝም። በችሎት ክሱ ተነግሮት ዝም ያለውን ሰው እንዳመነ ስቆጥረው ኖሬአለሁና፣ እፎይ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ጎመኗን እየቀነጠሰች፣ «ዳኛው ሲጠይቅ ማን አፉን ይከፍታል? እስቲ የገብረማርያም ልጅ ይጠይቀን!» አለች። ሽማግሎቹን ሁሉ ሳል ሳል አላቸው። በዳዳ፣ «ተይ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ተቆጣትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ካሉ ይሁን፣ ጌታዬ፤ እኔ የማውቀውን እርስዎም ያውቁታል» አለኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ አልጠየቅሁም። ራሴን አሞኛል ብዬ ሰዉን በተንኩ። ዋሸሁ፤ ያመመኝ ራሴን አልነበረም።

ቀብድ አልተቀበልኩም። አቶ ገበየሁ ግን እስከ ኅዳር ሚካኤል ቁርጡን ካልነገርኳቸው ሌላ ቦታ እንደሚገዙ በሀሚድ በኩል ልከውብኛል።

ብርቄ ጎመኑን ሾላ እየሸጠች ልጆቿን የምታስተምረው በዚያች ውሃ ነው። አንቺም ወፍጮውን የተመኘሽው ለቅንጦት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በአንቺ ድርሻ እኔ ደግ ሰው ልባል አይገባም። ስለዚህ ቤቱ ያለ ምንጯ በአሥራ ሦስት ሺህ ቢሸጥ፣ አሥሩን አንቺ ትወስጂያለሽ፤ ከሃያው ይደርስሽ የነበረው ነው። ለእኔ ሦስቱ ይበቃኛል። አቶ ገበየሁ እምቢ ካሉ ግን ሌላ ገዢ መጠበቅ ይሆናል፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ ዋጋውም እስከዚያ ምን እንደሚሆን ልነግርሽ አልችልም።

ካርታው በሁለታችን ስም ስለሆነ ያለ አንቺ ፊርማ ላሳርመው አልችልም። ሁለት ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንደኛው ምንጯን ጨምሮ የሚሸጥ ውል ነው፤ ሁለተኛው ካርታው ይታረምልን የሚል ማመልከቻ ነው። በሁለተኛው ላይ ፈርሜአለሁ፤ አንደኛውን ሳልፈርም ትቼዋለሁ። አንደኛው ይሻላል ካልሽ ግን በፖስታ አትላኪው፤ ራስሽ ይዘሽው ነዪ። ወሰኑን አብረን እንዞራለን፤ ምንጯ ዘንድ ስንደርስም ሦስተኛውን ጥያቄ አንቺ ትጠይቂያለሽ።

አቶ ዲንሳን እጅ ነሥቷል በዪልኝ። ፀዳለን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ባለቤቴ የሺመቤት በጣም ናፍቃሻለች፤ ለጥምቀት እንድትመጪ ትለምንሻለች። አክስታችን ሙሉነሽም ደኅና ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። በዳዳ ልጽፍልሽ መሆኑን ሰምቶ የከበረ ሰላምታ ልኮልሻል። ብርቄም ሰላም በላት ብላኛለች፤ ስለ ውሃው ግን አንድም ቃል አልጨመረችም።

ወንድምሽ ተክለጻድቅ ገብረማርያም

የካ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.