የሜሮን ፎቶ የት ገባ?

ሰኞ

«ፎቶዎቹ ጠፉ!» ብለው ደወሉልኝ እትዬ ጽጌ። ላፍቶ ላለው ፎቶ ቤታቸው የፎቶ ማከማቻ ፕሮግራሙን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ሄድኩ። ብሮውዘሩ ላይ የደንበኛው ስም አለ፤ በፎቶው ቦታ ባዶ ሳጥን። ዓርብ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙን ራሳቸው አስነሥተውታል። አጥፍቼ እንደ ልማዴ አስነሣሁት። የነካካኋቸው ሁሉ ተከፈቱ። «እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። ምን ሆኖ እንደነበር አልመረመርኩም። ሠራ አይደል? ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ሜሮን ሞተች። ጎረቤቴ፣ የእትዬ ዘነበች አንድያ ልጅ። ትናንት ማታ ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ መኪና ገጫት። ስልኳም አብሯት ደቀቀ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ አስፈለገ። ቅዳሜ የምርቃት ጋዋኗን ለብሳ እትዬ ጽጌ ዘንድ ተነሥታለች። ሮጥኩ። ስሟ አለ፤ ፎቶው የለም። የካሜራው ካርድ ለእሁድ ሠርግ ተብሎ ጸድቷል። እትዬ ጽጌ «ሌላ ቦታስ ብንፈልግ?» ሲሉኝ «ከፕሮግራሙ ፎልደር አይወጣም» ብዬ ድርቅ አልኩ። እሱኑ ስበረብር ሰዓቱ ደረሰ።

የመታወቂያዋን ፎቶ አሳድገን ወሰድን። ብዥ ያለ ነው፤ ዓይኗ እንኳ አይለይም። የአጎቷ ልጅ እስከ ሀና ማርያም ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ። እናቷ «ይቺ የማን ልጅ ናት? የኔን ልጅ አምጡልኝ!» እያሉ ጮኹ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ረቡዕ

ኮዱን ከፈትኩ። አንዲት መስመር ናት። የማስቀመጫውን ቦታ «ፎቶ» ብዬ ብቻ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉውን መንገድ ከዲስኩ ጀምሬ አልጻፍኩም። እንዲህ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ «ፎቶ» የሚባለውን ፎልደር የሚፈልገው ፕሮግራሙ ከተነሣበት ቦታ ነው። እኔ ሁልጊዜ የራሱ ፎልደር ውስጥ ገብቼ ነው የማስነሣው። እትዬ ጽጌ ከዴስክቶፕ አስነሡት። የድሮዎቹ አልታዩም፤ አዲሶቹ ዴስክቶፑ ላይ በተፈጠረ ሌላ «ፎቶ» ገቡ። ሰኞ እኔ ሳስነሣው ደግሞ የድሮዎቹ ተመለሱ፤ የሜሮን እዚያው ቀረ።

ሄጄ አየሁ። ዴስክቶፑ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ፎልደሮች መሐል፣ ፊት ለፊታችን ነበር። ሜሮን ትስቃለች። እትዬ ጽጌ አፋቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተካከልኩት፤ አሁን ፕሮግራሙ ከየትም ቢነሣ የኮዱ ፋይል ካለበት ቦታ ጀምሮ ሙሉውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። እስክጨርስ የቀረበልኝ ሻይ እንኳ አልበረደም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሐሙስ

ሣልስቷ ነው። ትልቁን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልዬ ድንኳኑ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ገልጠው ብዙ አዩት። «ይቺ ናት» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለውን የመታወቂያ ፎቶ ላወርድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ። የሸኛት ሰው ያየው ያንን ነው። ይሄን አሁን ለማን ላሳየው?»

ከነጨርቁ አቀፉት። ለምን እንደዘገየ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ። ከቻልኩ።