ለአቶ እንደሻው፦ ስለሚጨልመው ስክሪኔና ስለ ቀጭኑ ሽቦዎ

ለተከበሩ አቶ እንደሻው
የግቢያችን ባለቤትና የቆጣሪያችን ጠባቂ
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ እንደ ግቢዎ መብራት ሳይሆን እንደ ድምፅዎ የጸና ይሁንልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከአቦምሳ አሰላ እህል ሳመላልስ ኖሬ ወገቤ ከመሪ ያገለለኝ ተከራይዎ ወልደአማኑኤል፣ ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ በሁለታችን መካከል ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ልጄ ትንቢት ከአዳማ ኮምፒውተር ከነመሪው ልካልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በኢንተርኔት ጌም የጭነት መኪና እነዳለሁ። ከፊቴ የሚነዳው በቆጂ የሚኖረው የድሮ የመንገድ ጓደኛዬ ከሊፋ ነው። ከሊፋ ባለቤቱ ፋጡ ካረፈች ወዲህ ስልክ ቢደውሉለት ከሰላምታ አያልፍም፤ እጁ መሪ ሲይዝ ግን አንደበቱ ይፈታል። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ረጅም ዳገት ስንወጣ በማይኩ «ወልዴ፣ ፋጡ የሞተች ዕለት ጠዋት…» ብሎ ሲጀምር፣ ስክሪኔ ላይ ወይን ጠጅ አራት ማዕዘኖች ተረጩ፣ ድምፁ ተንተባተበ፣ ሁሉም ጨለመ። የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። በስልክ ስደውልለት «ተወው፣ ሌላ ቀን» አለኝ። ስምንት ቅዳሜ እንዲህ እየጨለመብን አለፈ፤ ከሊፋም መሪ ይዞ ዝም ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አቤት ስልዎ «በስልሳ ሦስት ዓመትዎ የልጅ ጨዋታ ትተው ጸሎትዎን ቢያደርሱ ይሻላል» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ጸሎቴን አድርሻለሁ፤ በዚያ ሰሞን አብዛኛው ስለ እርስዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ችግሩ ከግቢው መብራት ሊሆን እንደማይችል በሙሉ እርግጠኝነት ስለነገሩኝ፣ በእርጅናዬ ሙያ ገበየሁ። የስክሪኑን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ፤ ኋላም በሌላ ቀየርኩት። ሽፋኑን ከፍቼ ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ከአቧራ አጸዳሁ፤ ሙቀቱንም ተከታተልኩ፣ ደህና ነበር። ትንቢት በስልክ ችግሩ ድራይቨሩ ሳይሆን እንደማይቀር ስትነግረኝ ሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ዶሮ እንኳ ያልገጨሁ ሰው ነኝ። ድራይቨር የሚሉት ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም መሆኑ ሲገባኝ አሮጌውን አጥፍቼ አዲስ ጫንኩ፣ እሷንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ስክሪኑ ግን ይቅርታ አላወቀም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለእርስዎ ሳይሆን ለጁምዓ ነው። ኮምፒውተሩን በየቀኑ እየከፈትኩ ስክሪኑ የሚጨልምበትን ሰዓት እንደ ጉዞ ደብተር መዝግቤ ሳየው፣ አርብ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት አንድም ቀን ጨልሞ አያውቅም። በዚያ ሰዓት ከጓሯችን የሚበይደው ሚፍታ መስጊድ ነው። ሳማክረው ጉዳዩን ጭራሽ አያውቅም ነበር፤ እንዲያውም ብየዳው አልይዝ እያለው እሱም ማሽኑን ሲራገም እንደከረመ ነገረኝ። ቴስተር ይዘን ስንለካ፣ እሱ ሲበይድ የእኔ ሶኬት ከሁለት መቶ ሃያ ቮልት ወደ መቶ ስድሳ ይወርዳል። መስመሩን ተከትለን ስንሄድ ስድስት ቤትና አንድ ብየዳ ቤት ከቆጣሪው ጋር የተገናኙት የራዲዮ ገመድ በሚያህል አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ሁለታችን መጥተን ይህንን ስናስረዳዎ፣ ወፍራም ሽቦ ከአሰላ ገበያ መጥፋቱን ያረዱን በእንዲህ ያለ ሐዘን ነበርና ሚፍታ ሊያጽናናዎ ምንም አልቀረው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን ስላለፈው ረቡዕ ነው። ኳሱ ሊያልቅ ሲል፣ ማታ ማታ የማይበይደው ሚፍታ የደንበኛ በር ለመጨረስ ማሽኑን አስነሣ፤ ቴሌቪዥንዎ ጨለመ፤ ጎሉንም ከመንገድ ጩኸት ሰሙት። ከገበያ ጠፍቶ የነበረው ሽቦ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ተዘረጋ። ኳስ ገበያ እንደሚያረጋጋ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሚፍታ በጓሮ እየበየደ፣ እኔና ከሊፋ ያንኑ ዳገት ወጣን። እኔ ምንም አልጠየቅኩትም። ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ ራሱ ጀመረ፤ ያን ጠዋት ወደ ጎበሳ ጭነት ለማድረስ ሲቸኩል ፋጡን ሳይሰናበታት እንደወጣ፣ እሷም ከበሩ ቆማ መኪናው እስኪሰወር እንዳየችው ነገረኝ። «ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው» አለ። መብራቴን ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጌ ከኋላው መሆኔን አሳየሁት፣ ለሹፌር ይህ ብዙ ነው። ዳገቱ እስኪያልቅ ስክሪኔ አልጨለመም። ከሊፋም ለመጪው ቅዳሜ ጭነቱን ከወዲሁ ይዟል።

በመጨረሻም ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ አዲሱ ሽቦ ያወፍርልን፣ ምክርዎን እንደ አሮጌው ያቅጥንልን እያልኩ፣ ከወገቤ በቀር በሁሉ ነገር የምታጠፍልዎ

ተከራይዎ
ወልደአማኑኤል

ግልባጭ፦
ለግቢው ተከራዮች በሙሉ
ለብየዳ ቤቱ
በሩ ላይ ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ

ተጨማሪ፦ እናትዎ እማማ ወለተ ማርያም እሑድ ሊጠይቁዎ መጥተው ቢያጡዎ እኔ ጋ ገቡና መሪውን ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ነድተው ያለ አንድ ጭረት አቆሙ። ሲወጡ የግቢውን በር የግራ ምሰሶ አይተው «ይህን ማን ገጨው?» ብለው ጠየቁኝ። ከእርስዎ ከራስዎ አፍ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ለእርስዎ ተውኩት።