ሦስት ቀዝፋ ስለምትመለሰው ልጄ

ለተከበሩ የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ሊቀመንበር፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከተራራው ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ፊትዎ ወዝ መያዙን፣ ከቢሮዎ በጓሮ በር ሲወጡ ከሩቅ አይቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት ከቡድኑ የሰረዟት ዋናተኛ እናት ነኝ።

በቅድሚያ ላመሰግን። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ የሰነበተ ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ እንደሚበዛ፣ ወደ ታች ሲወርድም ቶሎ እንደማይደክመው ለእኛ ለወላጆች ሲያስረዱን አምኜ ልጄን መርቄ ሸኘኋት። ቃልዎ ጠብ አላለም፤ ሐኪሙ እንኳ ደሟን መርምሮ ተደንቋል።

ሆኖም ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. ተራራው ላይ መዋኛ ገንዳ ይኑር አይኑር ቀድሞ የጠየቀ የለም። አልፈርድብዎትም፤ ሰው ተራራ ሲመርጥ ውሃ ምን ብሎ ትዝ ይለዋል።

2ኛ. በምትኩ ያረፉበትን ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሰጧቸው። እዚያ ውስጥ ሦስቴ ከቀዘፉ ግድግዳ ነው፤ ልጄም ሦስት ቀዝፋ ስትዞር፣ ሦስት ቀዝፋ ስትዞር ከረመች። ዛሬ ጨው አቀብዪኝ ብላት ጓዳ ሳትደርስ ከመንገድ ትመለሳለች።

3ኛ. በማጣሪያው ዕለት ከሁሉ ቀድማ ውሃ ገባች፤ ሦስት ቀዘፈችና ዞረች። ሌሎቹ ጨርሰው፣ ፀጉራቸውን አድርቀው ቤታቸው ሲገቡ፣ እሷ ከመነሻው ሳትርቅ ትመላለስ ነበር። ጥበቃው ነው ለምኖ ያወጣት፤ ትንፋሿ እንኳ ከፍ አላለም። እርስዎ ግን ውድድሩን አቋርጣለች ብለው ፈረሙ። ኧረ የት አቋርጣ፣ ማቆም አቅቷት እንጂ።

4ኛ. ይህችን ቁጥር ንዴቴ አረፍ እንዲልባት ባዶ ትቻታለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከውሃ ሌላ ፍቅር የላትም። ስሟ ከተሰረዘ ወዲህ ምግብ አልበላ ብላኛለች፤ አንጀቴን እየበላችው ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደንበኛው ገንዳ እንድትለማመድ ይፍቀዱላትና እንደገና ይፈትኗት።

ትዕግሥቷ ከክር የቀጠነ፣ ለወንበርዎ ግን ዘወትር ከወገቧ ዝቅ የምትል፣
የዋናተኛዋ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም ተራራው ላይ አብረዋቸው ስለሰነበቱ ሥልጠናው ሠርቶልዎታል፤ እኔ በመጣሁ ቁጥር በጓሮ በር ሲያመልጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የጓሮውን በር እኔ እጠብቃለሁ። ከቢሮዎ ፊት ያለችውን መተላለፊያ ደግሞ ልጄ ትይዛለች፤ በሜትሬ ለክቼዋለሁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሦስት እርምጃ ነው። ይደክማታል ብለው እንዳያስቡ።