የኦቦ ዲሪርሳ ጉታ ዕረፍትና ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ድራይቭ

የሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አሮጌ ኮምፒውተር ጠጋኞች ማኅበር፣ መሥራች አባሉ ኦቦ ዲሪርሳ ጉታ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ቅሬታም አለን፤ እንዳንደብቀው ሥራ አስፈጻሚው ወስኗል።

ኦቦ ዲሪርሳ ከ1988 እስከ 1997 ዓ.ም. በሰበታ በአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆነው የተማሪዎችን ውጤት በፍሎፒ ዲስክ አስፍረዋል። የወረቀቱ መዝገብ በጎርፍ ሲበላሽ የተረፉት ፍሎፒዎቹ ብቻ ናቸው፤ የጻፋቸው ማንበቢያው የተዛነፈ ድራይቭም አብሯቸው ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. ማኅበራችን ዓለም ገና በሚገኘው ሱቃቸው ተመሠረተ። ሰው ለቆራሌ የሚሸጠውን ኮምፒውተር እየሰበሰቡ፣ ሞተ የተባለውን ፍሎፒ ድራይቭ እያስነሱ አሥራ አንዳችንንም አስተምረዋል። ከሁሉ አስቀድመው የነገሩን አንድ ሕግ ነበር፤ ማንበቢያው የተዛነፈ ድራይቭ የጻፈውን የሚያነበው ያው የተዛነፈው ድራይቭ ብቻ ስለሆነ፣ ፍሎፒው ሳይገለበጥ ድራይቩ አይቃናም።

በ2011 ዓ.ም. ኦቦ ዲሪርሳ ለለቅሶ ተፍኪ በሄዱበት ሳምንት፣ ከአንድ ክሊኒክ የመጣ ድራይቭ ቡራዩ ባለው ወርክሾፓችን ተቃና። አሳምረን ነበር ያቃናነው። ከዚያ ወዲህ ሳይገለበጡ የቀሩት የክሊኒኩ ዘጠኝ ፍሎፒዎች አልተነበቡም። ለክሊኒኩ የተጻፈው ደብዳቤ ጥፋቱን የኦቦ ዲሪርሳ አደረገው። እርሳቸውም አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ድራይቭ ለቆራሌ መስጠታቸውን ለስብሰባ ተናገሩ፤ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። አመንናቸው። የትምህርት ማስረጃቸው እንዲጣራ የተጠየቁ ሰዎች ሲመጡ «ድራይቩ የለም» እያልን መለስን። እርሳቸው ከጎናችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ድራይቩ ግን ፉሪ ቤታቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የመለስናቸው ሰዎች በጓሮ በር እየገቡ ውጤታቸውን ይዘው ይወጡ እንደነበር የሰማነው ለቅሶው ላይ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ከመምህራችን ይህን አልጠበቅንም። በጣም ነው የከፋን።

በሠልስቱ ዕለት፣ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ፣ የሱሉልታዋ መምህርት ወ/ሮ አጸደ ተድላ ወደ ሐዘንተኛው ቤት መጡ። ማስረጃቸው እስከ ዓርብ ካልተረጋገጠ ከሥራ ይሰናበታሉ። ሊቀመንበራችን አቶ ሀብተወልድ ድራይቩን ሊያዩ ሲነሱ የኦቦ ዲሪርሳ ባለቤት ወ/ሮ ሄመን ከለከሏቸው።

«እናንተ ተቀመጡ። ‹ማኅበሩ እንዳይነካው› ብለው ነው ያረፉት። አሠራሩን ለእኔ አሳይተውኛል» አሉ።

በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ኮምፒውተሩን ራሳቸው አስነሱት። እኛ ባለሙያዎቹ በር ላይ ቆመን አየን። ድራይቩ ጥቂት ተንገራግጮ አነበበ፤ የ1993 ዓ.ም. ውጤት ወጣ። ወ/ሮ አጸደ አለቀሱ።

ወ/ሮ ሄመን ከዚያው ቁም ሣጥን የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡን። የእኛው ደብዳቤ ነበር፤ የአሥራ አንዳችንም ፊርማ አለበት። የጣለው ፈረስ ማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባን።

ስለሆነም የ2011 ዓ.ም. ደብዳቤ ሐሰት መሆኑን ማኅበሩ ያስታውቃል። ድራይቩን ያቃናነው እኛ ነን። ለክሊኒኩም ይህንኑ ጽፈናል፤ እርሳቸው ግን አያነቡትም።

ለወ/ሮ ሄመን፣ ለልጆቻቸውና በጓሮ በር ለገቡት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣቸው። ውጤታቸውን የሚፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎች ፉሪ ወደ ወ/ሮ ሄመን ይሂዱ። ወደ እኛ አይምጡ።